የቆመ አካፋ

ፍሪስላንድ ላይ ባሕር ከጣሪያ ይበልጣል፤
ላም ከሥር ስትግጥ መርከብ ከላይ ያልፋል።
በመሐል ያለው ክትር፣ የጭቃ ግድግዳ፣
ሲያዩት አንድ ነው፣ ሲለኩት የብዙ ሰው ዕዳ፤
ይህ አርባ ክንድ የሂልከ፣ ያ ሠላሳው የሪክስት፣
ድንበሩ ችካል ነው፣ የተቃጠለ ምልክት።

እኔ ጸሐፊ ነኝ የዳኛው የሂሴ፤
መዝገቤ በብብቴ፣ በእጄ ፋኖሴ።
በዓመት ሦስት ጊዜ ክትሩን እንዞራለን፤
አንቆፍርም እኛ። እናያለን። እንጠይቃለን።
"ይህ የማን ድርሻ ነው? ይህ የፍልፈል ጉድጓድ፣
ማን አይቶ አለፈው? ማነው ያለው፣ 'ይናድ'?"

ንጉሥ የለም እዚህ፣ ቤተ መንግሥት የለም፤
ሰው ለሰው ጉልበቱን አጥፎ አያውቅም።
ለጭቃው ግን ያጥፋል፤ በውርጩ፣ በብርዱ፣
ተንበርክኮ ይውላል ከነዘመድ አዝማዱ፣
ሰርዶ እየተከለ፣ ሥሩ አፈር እንዲይዝ፣
ባሕሩ ቢታገል ሥሩን እንዳይመዝዝ።

ሂልከ ግን አንድ ክረምት አካፋውን ሰቀለ።
"ነፃ ሰው አይደለሁ? ማን ያዘኛል?" አለ።
"እኔ ከሞትኩ ወዲያ ሰርዶ አይብቀል" ያለች፣
ያቺ አህያ እዚህ ብትሆን፣ ቀድማ በሰጠመች።
ዳኛው አልገረፈው፣ አልነዳበት በሬ።
"ሁለት መንገድ አለህ" አለው፣ "ምረጥ ዛሬ።
ወይ ድርሻህን ቆፍር፣ ወይ ካልሆነልህ
አካፋህን ክትሩ ላይ ትሰካለህ፣
ትወጣለህ ከዚያ፣ ባዶህን፣ ቤትም ሳትዘጋ።
ነቅሎ የሚያነሣው፣ ድሃም ይሁን ባለጸጋ፣
መሬቱን ይወስዳል፤ ዕዳውን ይወስዳል፤
ሁለቱን ማን ለየ? አንድ ላይ ይነቀላል።"

ሂልከ አልመለሰም። አካፋውን ይዞ
ወጣ በማግሥቱ፣ እንደ ሬሳ ቀዝቅዞ፤
እስከ እጀታው ድረስ ጭቃው ውስጥ ሰካና
ሄደ፣ ዞር ሳይል፣ በምሥራቁ ጎዳና።

መዝገቤ "ሰነፍ" ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አላስገደደኝ።
ሳሉን ሰምቻለሁ። አልጠየቅሁትም።
ሁለት ልጅ መቅበሩን መዝገብ አይጽፍም።
ክንድ ስለካ ኖሬ፣ ክንዱን መች አየሁት፣
የሰለለው ክንዱን፣ አጥንት የወጣበት?
"ነፃ ነኝ" ያለውም፣ አሁን ሲገባኝ፣
"ደክሞኛል" ማለትን አፍሮ ነው መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ላይ መጣ ባለ ከፋይ፣
የመስፍን መልክተኛ፣ በነጭ ፈረስ ላይ።
"አዘንኩላችሁ" አለ፤ "ጌታዬም አዝኗል።
መቶ ቆፋሪዎች አሉት፣ ይልካል፤
ነፋስ ሲነሣ ተኙ፣ እሱ ይነቃል።
ያን አካፋ ብቻ ስጡት፣ ይበቃል።
በዓመት አንዴ ደግሞ ጎንበስ ነው፣ ቀላል፤
ጎንበስ ማለት መቼ ለናንተ ያዳግታል?"

ዝም አልን። ልዋሽ እንዴ? ልቤ ከጅሎ ነበር፤
ሲነቁልህ ማደር፣ ማን ይጠላል ይህን ነገር?

ሪክስት ግን፣ መበለቷ፣ ባለ ሠላሳ ክንድ፣
መጣች፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ በገመድ።
"ጎንበስ እላለሁ" አለች፣ "ጎንበስስ ልማዴ ነው፤
ሥራዬን ስጨርስ ግን ቀና የምለው።
አንተ ከጌታህ ፊት፣ እስኪ ልጠይቅህ፣
ሥራው መቼ አልቆ ነው ቀና የሚያደርግህ?"

ነቀለችው። አካፋው ጮኸ ከጭቃ ሲወጣ፣
እንደ ጥርስ። መልክተኛው ሄደ፣ ፊቱ ነጣ።
አርባና ሠላሳ፣ ሰባ ክንድ ለአንዲት ሴት!
"አበደች" አሉ ሰዎች፣ ገቡ ወደየቤት።

ሌሊቱን ነፈሰ። ፋኖሴን አበራሁ፤
ልመዘግብ ይሆናል። እንደ ልማዴ ወጣሁ።
ሪክስት ጭቃው ውስጥ ናት። ከጎኗም አንድ ሰው፣
ዳኛው፣ የኛ ሂሴ፣ ወገቡን የታጠቀው።
"ሕጉ ላይ የለም" አልኩት፣ "ዳኛ አይቆፍርም።"
"ዛሬ ጎረቤት ነኝ" አለኝ፤ ቀና አላለም።
"ፋኖሱን ጠጋ አድርገው።"

መዝገቤን ከድንጋይ ሥር አኖርኩት በዝናቡ።
ብዙ ገጽ ታጠበ፣ ጠፋ ሐሳቡ፤
ያቺ "ሰነፍ" የምትል ቃል ብቻ ተረፈች፣
እንደ ጻፍኳት ሆና፣ ጥርት ብላ አደረች።

አራት ክንድ አለኝ አሁን፣ በስሜ የተጻፈ፤
ማለዳ አያለሁ የትኛው ሣር እንደረገፈ፤
ሰርዶው ይዞ እንደሆን ጎትቼ እሞክራለሁ።
አንዳንዴ ወደ ምሥራቅ፣ ጎዳናውን አያለሁ።